ወንበሩ ሃይማኖት የለውም፤ የተቀመጠበት ሰው ግን አለው

ክቡራትና ክቡራን፣ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ርዕሱ የሚያጋግል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ሃይማኖቱን የሚያሳይ ልብስ ቢለብስ ይገባል ወይ? ፖሊሱ ጥምጥም ቢጠመጥም፣ መምህርቷ ሂጃብ ብታደርግ፣ ሐኪሙ የአይሁዶችን ትንሽ ቆብ፣ ኪፓን፣ ቢደፋ፣ ጸሐፊዋ መስቀል ብታንጠለጥል ምን ይላል ሕጉ? ምንስ ማለት አለበት?

ዳር ዳር ማለት አልወድምና አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሠራተኛው ይልበስ ባይ ነኝ። መንግሥት ራሱ ግን ምንም መልበስ የለበትም። የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ፣ ማኅተሙ፣ ወንበሩ ሃይማኖት ሊኖራቸው አይገባም። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ሰው ነው። ብዙ ቦታ ይህ ተገልብጦ ሲሠራበት እናያለን። ሰውየው አውልቅ ይባላል፤ ግድግዳው ይለብሳል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በአግባቡ ላቅርብ፤ ከንቱ ክርክር አይደለምና። አንዲት ባለጉዳይ አስቡ። የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ይዛ ችሎት ፊት ቆማለች። ቀና ስትል ዳኛው የእሷ ያልሆነ ሃይማኖት ምልክት አድርገዋል። ተከራካሪዋ ደግሞ የዳኛው እምነት ተከታይ ነው። ልቧ ድንግጥ ይላል። ሱቅ ቢሆን ወጥታ ሌላ ሱቅ ትገባለች። ዳኛ ግን አይመረጥም። ፖሊስም አይመረጥም። የእስር ቤት ጠባቂም አይመረጥም። እነዚህ ሰዎች የመንግሥትን ጉልበት ይዘው ነው ፊታችን የሚቆሙት። ስለዚህ የዚያች ሴት ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ «አይዞሽ፣ ጨርቅ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ፈረንሳይ ሕጓን የመሠረተችው በዚሁ ፍርሃት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥትን በ1905 ሕግ ለየች። በ2000 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ እምነቱን የሚገልጽ ምልክት ማድረግ አይችልም አለ። መምህር ይሁን ሌላ ሠራተኛ ልዩነት የለውም። ከዚያ በኋላ አንድ ጉዳይ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ሴትዮዋ ናንቴር ከተማ ባለ የሕዝብ ሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያነት ትሠራ ነበር። የራስ መሸፈኛዋን አላወልቅም ስላለች ውሏ አልታደሰም። ፍርድ ቤቱ በ2015 ለፈረንሳይ ፈረደ።

ፍርዱ ውስጥ ግን ልብ የሚባል ነገር አለ። ይህች ሠራተኛ ሕመምተኛ ላይ ጫና አሳድራለች ያለ የለም። ሃይማኖቷን ሰብካለች ያለም የለም። አንዱን ሕመምተኛ ከሌላው አበላልጣለች የሚል ክስም አልቀረበባትም። የተቆጠረባት ጥፋት መታየቷ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ችሎቷ ሴት እንመለስ። ዳኛው ምልክቱን አወለቁ እንበል። ምን ተለወጠ? ሰውየው ያው ሰውዬ ናቸው። የሚያዳሉ ከነበሩ ያዳላሉ። የማያዳሉ ከነበሩ አያዳሉም። የተለወጠው የሴትዮዋ ዕውቀት ነው፤ ትናንት የምታውቀውን ዛሬ አታውቅም። ይህ ለእሷ ጥበቃ ነው እንዴ? እኔ አይመስለኝም። ለአድልዎ ደግሞ ከመታየት መደበቅ ይመቸዋል።

እሷን የሚጠብቃት ሌላ ነው። ዳኛው ውሳኔያቸውን በጽሑፍ፣ በምክንያት አስደግፈው መስጠት አለባቸው። መዝገቡን መርጠው የሚወስዱ መሆን የለባቸውም፤ ድልድሉ በሌላ እጅ ነው የሚሠራው። ከጉዳዩ ጋር ንክኪ ካላቸው ከችሎት ይነሳሉ፤ ካልተነሱ ይነሱልኝ ትላለች። በፍርዱ ካልረካች ይግባኝ አላት። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ውስጥ ብዙ ዓይነት ሰው መቀመጡም ይረዳል። ልብ አድርጉ፣ ከእነዚህ አንዱም ስለ ልብስ አያወራም። ሁሉም ግን ገንዘብ፣ ጊዜና ቁርጠኝነት ይጠይቃሉ። ልብስ ማስወለቅ ርካሽ ነው። በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። ለዚህም ይመስለኛል ሹማምንት የሚወዱት።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሲምቻ ጎልድማን ይባላል። በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ሻምበል፣ በሙያው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በእምነቱ ኦርቶዶክስ አይሁዳዊ ነው። ካሊፎርኒያ ባለ የአየር ኃይል ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ኪፓውን እንዳደረገ ሕመምተኞቹን ያያል። ደጅ ሲወጣ የደንብ ቆቡን ከላይ ይደርብበታል። ዓመታት አለፉ፣ ማንም ምንም አላለውም። በ1981 አንድ የጦር ፍርድ ቤት ላይ ለተከሳሽ የመከላከያ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የተቃራኒው ወገን የሕግ ባለሙያ ለሆስፒታሉ አዛዥ አቤት አለ። ምን ብሎ? ይህ ሰው የአለባበስ ደንብ ጥሷል ብሎ።

ታያላችሁ? አቤቱታው ከሕመምተኛ አልመጣም። ከሥራ ባልደረባም አልመጣም። ኪፓው ለዓመታት እዚያው አናቱ ላይ ነበር። ችግር የሆነው ሰውየው ምስክርነት የሰጠ ጊዜ ነው። የአለባበስ ደንብ ይሄ ጠባይ አለው። ተረስቶ ይቀመጥና አንድ ሰው ጥርስ የተነከሰበት ዕለት ከመሳቢያ ይወጣል።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1986 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ጎልድማን ተረታ። ጦር ሠራዊት አንድ ወጥነት ያስፈልገዋል፣ በዚህ ላይ አዛዦቹ ያሉትን እናምናለን አሉ ዳኞቹ። በዓመቱ ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ወታደር ንጹሕና ያልተጋነነ ሃይማኖታዊ ልብስ ከደንብ ልብሱ ጋር ማድረግ ይችላል፣ ሥራውን እስካላወከበት ድረስ። በ1986 የማይቻል የተባለው በ1987 ተቻለ።

ካናዳም ተመሳሳይ ነገር አሳልፋለች። የፌዴራል ፖሊሶቿ በቀይ ኮታቸውና በሰፊ ባርኔጣቸው ዓለም ያውቃቸዋል። ባልተጅ ሲንግ ዲሎን የሚባል የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ወጣት በ1988 ልቀጠር ብሎ አመለከተ። ጥምጥሙን አውልቆ ባርኔጣ ማድረግ ግን አልችልም አለ። አገር ተናወጠ። ፊርማ ተሰባሰበ፤ «ባርኔጣው የማንነታችን ምልክት ነው» ተባለ። መንግሥት በ1990 ደንቡን ለወጠ። ጡረታ የወጡ ፖሊሶች ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በይግባኝም ተረቱ። ዲሎን ግን ሥራውን ሠርቶ፣ ወንጀል መርምሮ፣ በክብር ጡረታ ወጣ። በ2025 የአገሪቱ ሴኔት አባል ሆኖ ተሾመ። ያ ሁሉ ጩኸት ምን ሊያድን እንደነበረ አሁን የሚያስታውስ ስንቱ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። «ምልክት ሁሉ ተከልክሏል፣ ለሁሉም እኩል ነው» የሚለው ደንብ በወረቀት ላይ እኩል ነው። በሰው ላይ ግን እኩል አያርፍም። ትንሽ መስቀል ሸሚዝ ውስጥ ትገባለች። ብዙ ክርስቲያን ምንም የሚታይ ምልክት ማድረግ ግዴታው አይደለም፤ ክልከላው ሲወጣ ከሕይወቱ የሚጎድል ነገር የለም። ጥምጥም ግን ሸሚዝ ውስጥ አይገባም። ኪፓ አይገባም። ሂጃብም አይገባም። ስለዚህ ደንቡ ለአንዱ የማይሰማ ነገር ሲሆን ለሌላው «ወይ እምነትህን ወይ እንጀራህን» የሚል ትእዛዝ ነው። ከሥራ ገበታ የምትቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ሴቶችን ነጻ እናወጣለን ተብሎ የወጣ ደንብ ደመወዛቸውን ነጥቆ ቤት ሲያስቀምጣቸው ዝም ብሎ ማየት ያማል።

አሁን ወደ ግድግዳው ልሂድ። ይህን ክፍል በደንብ አድምጡልኝ።

ጄኔቫ ውስጥ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። እስልምናን ከተቀበለች በኋላ የራስ መሸፈኛ አድርጋ ታስተምር ጀመር። ለዓመታት ከወላጅም ከተማሪም ቅሬታ አልመጣም። በኋላ አውልቂ ተባለች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2001 ለስዊዘርላንድ ፈረደ። ምክንያቱ? የራስ መሸፈኛው ኃይለኛ ምልክት ነው፣ በትንንሽ ልጆች ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር ይችላል የሚል ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2011፣ ያው ፍርድ ቤት የጣሊያንን ጉዳይ አየ። ጣሊያን ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍሎች ግድግዳ ላይ መስቀል ይሰቀላል። አንዲት እናት ልጆቼ ከዚህ ነጻ ሆነው ይማሩ ብላ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ግድግዳ ላይ ያለ መስቀል በባሕርይው ዝም ያለ ምልክት ነው፤ እንደ ስብከት አይቆጠርም አለ። ጣሊያን አሸነፈች።

ፍርዶቹን የሚያስታርቁ የሕግ ሰዎች አሉ። እኔን ግን አያሳምኑኝም። የሴትዮዋ መሸፈኛ የሴትዮዋ ነው። ተማሪዎቿ እንኳ ይህን ያውቃሉ፤ ልጅ «የመምህሬ ልብስ» ይላል እንጂ «የመንግሥት ልብስ» አይልም። መስቀሉን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ግን መንግሥት ነው። እሷ ወደ ሌላ ክፍል ስትሄድ መሸፈኛዋ አብሯት ይሄዳል። መስቀሉ አይሄድም። የቤቱ ነው። ታዲያ መንግሥት የማን ወገን እንደሆነ ለልጁ የሚነግረው የትኛው ነው?

ባቫሪያን ደግሞ እዩ። የጀርመን ግዛት ናት። በ2018 ሁለት ነገር ሆነ። ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ችሎት ላይ ሃይማኖታዊ ልብስና ምልክት እንዳያደርጉ የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የግዛቱ መንግሥት በመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ መግቢያ ላይ መስቀል እንዲሰቀል አዘዘ፣ የታሪካችንና የባህላችን መገለጫ ነው ብሎ። የግዛቷ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2019 በዳኞች ላይ የወጣውን ክልከላ አጸናው። ችሎት ውስጥ የተሰቀለው መስቀልስ ሲባል፣ እሱ የአስተዳደሩ እንጂ የዳኛው አይደለም አለ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነበር! የአስተዳደሩ ስለሆነ እኮ ነው መውረድ ያለበት። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይሄ ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2015 መምህራንን በተመለከተ ጥሩ ፍርድ ሰጥቷል። ለሁሉም መምህራን በጅምላ መሸፈኛ መከልከል አይቻልም፤ በተጨባጭ የትምህርት ቤቱን ሰላም የሚያናጋ ነገር ሲኖር ብቻ ነው አለ። ለክርስቲያናዊ ምልክት ብቻ በር ከፍቶ የነበረውንም የአንድ ግዛት አንቀጽ ሰረዘ። እኔ የምፈልገው መለኪያ ይህ ነው። ፍርሃቱን ሳይሆን የተፈጠረውን ነገር አሳየኝ ይላል።

ያው ፍርድ ቤት ግን በ2020 የችሎትን ጉዳይ ለይቶ አየው። በሥልጠና ላይ ያለች የሕግ ባለሙያ መሸፈኛ አድርጋ መንግሥትን ወክላ ችሎት ላይ እንዳትቀመጥ የሄሰ ግዛት መከልከል ይችላል አለ። ከስምንት ዳኞች አንዱ ተለየ። ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ችሎት ውስጥ ሁሉ ነገር ሥርዓት ነው፤ ካባው፣ መነሳቱ፣ መቀመጡ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ከራሱ ይልቅ ሕጉን እንዲመስል ይፈለጋል። ጉልበት ላላቸው ሥራዎች ብቻ ክልከላ ይኑር የሚለውን ሐሳብ ትልልቅ ሰዎች ደግፈውታል። በካናዳዋ የኩቤክ ግዛት ፈላስፋው ቻርልስ ቴይለርና ጄራር ቡሻር የመሩት ኮሚሽን በ2008 ያቀረበው ይህንን ነበር። ለዳኛ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፖሊስና ለእስር ቤት ጠባቂ ይከልከል፤ መምህርና ሐኪም ይተው አለ።

በጥር 2017 ኩቤክ ሲቲ ውስጥ አንድ ሰው መስጊድ ገብቶ ስድስት ምእመናንን ገደለ። በቀጣዩ ወር ቴይለር ያንን ምክሩን በይፋ ተወው። እንዲህ ያለ ክርክር ራሱ አናሳዎችን ለጥላቻ እንደሚያጋልጥ አየሁ አለ። እኔም ከኋለኛው ቴይለር ጋር ነኝ። ካባው መንግሥትን ይወክላል፤ ይበቃል። ካባው ላይ ምንም አይጨመር፣ አናቱ ግን የሰውየው ነው። ደግሞም መስመሩ አይቆምም። ዛሬ ለዳኛ የተባለው ነገ ለመምህር ይባላል። በዚያችው ኩቤክ የሆነው ይኸው ነው።

ልብስ ይፈቀድ ስል ሁሉ ነገር ይፈቀድ ማለቴ አይደለም። ባለጉዳይ የሚያነጋግረውን ሰው ፊት ማየት አለበት። የቀዶ ሕክምና ክፍል የራሱ የንጽሕና ሕግ አለው። ፖሊስ ግብግብ ውስጥ አንገቱን የሚያንቅ ነገር ሊያደርግ አይችልም፤ ለዚህም ሲጎተት ወዲያው የሚለቅ ሂጃብ ተሠርቷል። የለንደን ፖሊስ ከ2001 ጀምሮ ሂጃብን የደንብ ልብሱ አካል አድርጎ ሠርቶበታል። ከሁሉም በላይ ግን መሥሪያ ቤት የስብከት ቦታ አይደለም። ባለጉዳይን ስለ እምነቱ የጠየቀ፣ «ይህን እምነቴ አይፈቅድም» ብሎ ፋይል የመለሰ፣ የሃይማኖት ወንድሙን ከሰልፍ ያሳለፈ ሠራተኛ ይቀጣ። ሳይለሳለስ ይቀጣ። ምልክት ቢያደርግም ባያደርግም።

አንድ እውነተኛ ስጋት ይቀራል። አንድ ቢሮ ውስጥ አለቃውም ሠራተኛውም የአንድ ሃይማኖት ልብስ ለብሰው ቢውሉ፣ ያልለበሰችው አንዲት ሴት ምን ይሰማታል? ዛሬ ምርጫ የነበረው ነገ ሳይነገር ግዴታ ይሆናል። ኢራን ለዚህ ትልቅ ምስክር ናት። የአገሪቱ ንጉሥ ሬዛ ሻህ በ1936 መሸፈኛን ከለከለ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ላይ ይገፍ ነበር፤ ባለሥልጣናት ሚስቶቻቸውን ሳይሸፈኑ ወደ በዓል እንዲያመጡ ይጠበቅ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ በ1980 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴቶች ተሸፈኑ ተባሉ፤ በ1983 ግዴታው በሕግ ለሁሉም ሴት ሆነ፣ ቅጣቱም ግርፋት። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ሁለቱንም ልታይ ትችላለች። በሁለቱም ጊዜ የመንግሥት እጅ ራሷ ላይ ነው። አልብሱም አስወልቁም የሚለው አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ደንቡ ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ይከልክል፤ ማንም አለቃ ሠራተኛውን ልበስ ወይም አውልቅ ብሎ አያስገድድ።

የኩቤክን ጉዳይ ልጨርስላችሁ። በሰኔ 2019 ሕግ ቁጥር 21 ጸደቀ። ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግን፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርን ጭምር ሃይማኖታዊ ምልክት ከለከለ። ከ1936 ጀምሮ በምክር ቤቱ አዳራሽ ተሰቅሎ የኖረው መስቀልም በዚያው ክረምት ወረደ። ይህ መልካም ነው፤ ቢያንስ ግድግዳውን አልረሱም። ግን ሕጉ አንድ የመሸጋገሪያ አንቀጽ አለው። ከመጋቢት 27 ቀን 2019 በፊት የተቀጠረ መምህር እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ምልክቱን ማድረግ ይችላል። ከዚያ በኋላ የተቀጠረ አይችልም።

በታኅሣሥ 2021 ቼልሲ በምትባል ትንሽ ከተማ የሦስተኛ ክፍል መምህርት በሂጃቧ ምክንያት ከክፍሏ ተነሳች። የተቀጠረችው ከቀኑ በኋላ ስለሆነ ነው። ከሥራ አልተባረረችም፤ ልጆች ወደማታስተምርበት ሥራ ተዛወረች። ተማሪዎችና ወላጆች በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አረንጓዴ ሪባን አሰሩላት። አሁን ሕጉን ያረቀቁትን ልጠይቅ። ሁለት መምህራን ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ያስተምራሉ እንበል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሂጃብ ያደርጋሉ። አንዷ የተቀጠረችው ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው፣ ሌላዋ በኋላ። ሂጃቡ ልጆችን የሚጎዳ ከሆነ የመጀመሪያዋ ለምን ሃያ ዓመት ታስተምራለች? የማይጎዳ ከሆነ ሁለተኛዋ ለምን ትነሳለች? ይህን ጥያቄ በየመድረኩ አንስቼዋለሁ። የሚያጠግብ መልስ ያለው ሰው ከእናንተ መካከል ካለ መድረኩ ክፍት ነው፤ ልስማው።